በቆላ አገር ቤትን ከሌባ ስለ መጠበቅ

ሰው ቤት የሚሠራበት ምክንያት ብዙ ቢሆንም በአጭሩ ሲሰበሰብ ሁለት ነው፤ አንደኛው ከፀሐይና ከዝናም ለመጠለል፥ ሁለተኛው ከአውሬና ከክፉ ሰው ለመከለል ነው። በደጋ አገር እነዚህ ሁለት ምክንያቶች ተስማምተው ይኖራሉ፤ ብርዱን ለመከልከል የተዘጋው መዝጊያ ሌባውንም ይከለክላልና። በቆላ ግን እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። ለነፋስ የተከፈተው መስኮት ለሌባም የተከፈተ ነው፤ ለሌባ የተዘጋው መስኮት ደግሞ ቤተ ሰቡን በወበቅ ያፍናል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ጽሕፈታችን በአዋሽ ሸለቆ አገር በአዋሽ ሰባትና በሰመራ ቤት ላላቸው፥ ወይም ለሥራ ታዘው ወደዚያ ለሚወርዱ ቤተ ሰቦች፥ ቤትን ለመጠበቅ ያሉትን ልዩ ልዩ መንገዶች እየመዘንን ለማስረዳት አሰብን።

አስቀድሞ የሁለቱን ከተሞች ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። አዋሽ ሰባት የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ ደረሰ፤ ከዚያም አዋሽን ተሻግሮ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ ጣቢያው በቆመበት ስፍራም ከተማይቱ አደገች። አሮጌው ባቡር ዛሬ ቢቀርም በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን ጀምሯል፤ ወደ ጅቡቲ የሚወርደውና ከጅቡቲ የሚወጣው ከባድ መኪናም ሌትና ቀን በከተማይቱ ያልፋል። እንግዲህ በአዋሽ እንግዳ ሰው ማየት የሚያስደንቅ ነገር አይደለም፤ ዛሬ ማታ በምግብ ቤት ተቀምጦ የታየው ሰው ነገ ጧት የት እንደ ደረሰ የሚያውቅ የለም።

ሰመራ ግን ከአሳይታ በኋላ የአፋር ክልል ርእሰ ከተማ የሆነች አዲስ ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 400 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ባለ ሜዳ ላይ ስለ ተቀመጠች፥ በግንቦትና በሰኔ ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ከነዋሪዎቿም ብዙዎቹ በመንግሥት ሥራ ምክንያት ከልዩ ልዩ አውራጃ መጥተው በኪራይ ቤት የሚኖሩ ናቸው። ስለዚህ በአዋሽ የሚያስቸግረው የመንገደኛው መብዛት ሲሆን፥ በሰመራ የሚያስቸግረው ጐረቤት ከጐረቤት አለመተዋወቁ ነው። በሁለቱም ከተሞች ሙቀት በጸና ጊዜ ብዙ ሰው አልጋውን ወደ ግቢ አውጥቶ በሜዳ ያድራል። ባለቤቱ በውጭ ተኝቶ ዕቃው ብቻውን በውስጥ የሚያድርበት ቤት እንዴት ይጠበቃል? የጥያቄያችን ፍሬ ነገር ይህ ነው።

በመጀመሪያ የአጥርን ነገር እንመልከት። በአዲስ አበባ የተለመደው ከፍ ያለ የግንብ አጥር ሠርቶ በላዩ የጠርሙስ ስባሪ መትከል ወይም እሾሃማ ሽቦ መዘርጋት ነው። ይህ የሚያልፈውን ሰው ዐይን ይከለክላል፤ ለመዝለልም ያስቸግራል። ነገር ግን ጆንያ አጥፎ በስባሪው ላይ ለሚጥል ሌባ እንቅፋቱ የጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዘለለም በኋላ ያው ግንብ ከጐረቤት ዐይን ይሰውረዋል። ከሁሉ ይልቅ በቆላ ረጅም ግንብ ነፋሱን ይዘጋል፤ ቀን የጠጣውንም ትኩሳት ሌሊት ይመልሳል። ስለዚህ ሰው በግቢው ለሚያድርበት ቤት ከደረት ከፍ ብሎ፥ ከዚያ በላይ ነፋስ በሚያሳልፍ ብረት ወይም ሽቦ የተሠራ አጥር ይሻላል። በአጥር ሽቦ ላይ የቤት ኤሌክትሪክ የሚቀጥል ሰው ደግሞ ከሌባው በፊት የጐረቤቱን ልጅ ወይም የራሱን ፍየል እንደሚገድል ይወቅ።

በሕይወት ያለ አጥርም አለ፤ እርሱም የእሾህ ተክል ነው። በዚህ ረገድ የአዋሽ ሸለቆ ለአገሩ ሁሉ ትምህርት የሚሆን ታሪክ አለው። ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ ዛፍ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ አፈር እንዲጠብቅና ነፋስ እንዲመልስ ተብሎ በመካከለኛው አዋሽ ተተከለ፤ አፋሮችም «ደርጊ ሃራ» ብለው ጠሩት፤ የደርግ ዛፍ ማለት ነው። ፍየሉና ከብቱ ፍሬውን እየበላ በፋንድያው ዘሩን በየስፍራው በተነው፤ በአሚባራና በገዋኔ ሰፊ የግጦሽ መሬትም በዚህ ዛፍ ተዋጠ። ጠባቂ ተብሎ የገባው ራሱ ወራሪ ሆነ ማለት ነው። እንግዲህ ለአጥር የሚሆን እሾህ የሚፈልግ ሰው የዚህን ዛፍ ቅርንጫፍ ቈርጦ ፍሬውን አራግፎ ቢከምር መሬቱንም ይረዳል፤ ዘሩን ወስዶ በግቢው ዙሪያ መትከል ግን ለራስ አጥር ሲሉ የአገርን ሜዳ ማጥፋት ነው።

ሁለተኛው መዝጊያና ቁልፍ ነው። ብዙ ሰው ገንዘቡን በትልቅ ጓጉንቸር ላይ ያፈሳል፤ ነገር ግን ጓጉንቸር ከተንጠለጠለበት ብረት አይበረታም፤ ብረቱም ከተመታበት መቃን አይበረታም። በቀጭን እንጨት ላይ በአጭር ምስማር የተያዘ መቀርቀሪያ በአንድ ርግጫ ይነቀላል። ስለዚህ አስቀድሞ መቃኑ ከግድግዳው ጋር በደንብ የተያዘ መሆኑን፥ ማጠፊያውም ከውጭ በኩል ሊፈታ የማይችል መሆኑን መመርመር ይገባል። የኪራይ ቤት የሚይዝ ሰው በገባበት ቀን የበሩን ቁልፍ ይለውጥ፤ ከርሱ በፊት የነበሩት ተከራዮች ስንት ቁልፍ አስቀርጸው እንደ ነበረ አከራዩም ቢሆን አያውቀውምና። ቁልፍን ከደጃፍ ድንጋይ ሥር ማኖር ደግሞ ከመክፈት አይለይም፤ የዚያን ድንጋይ ምስጢር የማያውቅ ሌባ የለም።

ለመስኮት የብረት ፍርግርግና የወባ ትንኝ መከልከያ ወንፊት ማድረግ በቆላ አገር እጅግ መልካም ነው፤ መስኮቱን ከፍቶ ለማደር ያስችላልና። ነገር ግን እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውልልን የምንለምነው ከባድ ነገር አለ። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በአዋሽ ፈንታሌና በአካባቢው ምድር ደጋግማ ተንቀጠቀጠች፤ በታኅሣሥና በጥር ወር ነገሩ ስለ ጸና ብዙ ሺህ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ወደ ሌላ ስፍራ ሄዱ። ምድር ስትንቀጠቀጥ ወይም እሳት ሲነሣ የቤተ ሰብ ሕይወት የሚተርፈው በጥቂት ቅጽበት ውስጥ በሚከፈት በር ነው። መስኮቱ ሁሉ በብረት የታሰረ፥ በሩም ከውስጥ በጓጉንቸር ተቈልፎ ቁልፉ በትራስ ሥር የጠፋበት ቤት፥ ሌባን የሚከለክል ምሽግ መሆኑ ቀርቶ ባለቤቱን የሚይዝ ወጥመድ ይሆናል። ስለዚህ የሌሊቱ መቀርቀሪያ ከውስጥ ያለ ቁልፍ በእጅ የሚከፈት ይሁን፤ በእያንዳንዱ መኝታ ቤትም አንዱ ፍርግርግ በማጠፊያ የሚከፈት ሆኖ ይሠራ፤ ቁልፉ ከውጭ በሚዘረጋ እጅ በማይደረስበት፥ ልጆች ግን በጨለማ ዳስሰው በሚያገኙት ቦታ ይሰቀል። ይህን ልጆችን ሁሉ በቀን ማለማመድ የአባትና የእናት ግዴታ ነው።

ሦስተኛው ውሻ ነው። ውሻ ከቁልፍ የሚበልጠው አስቀድሞ ስለሚናገር ነው። ነገር ግን ባለቤቱ ያላስተማረው ውሻ ለሚያልፈው ከባድ መኪና ሁሉ ሲጮኽ ስለሚያድር ጐረቤት ድምፁን ይለምደዋል፤ በቍም ነገር በጮኸበትም ሌሊት ማንም አይነሣለትም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የተባለው ቀርቶ፥ ጅብ መጥቶ ውሻ ጮኾ ሰሚ የጠፋበት ይሆናል። ውሻ የሚያኖር ሰው በዚህ ሐሩር ጥላና ውሃ ያዘጋጅለት፤ ከእብደት በሽታ የሚከላከለውን ክትባት በየጊዜው ያስከትበው፤ ከግቢውም አይልቀቀው። ጐረቤቶቻችን አብዛኞቹ እስላሞች ስለ ሆኑ፥ ውሻ ልብስን ወይም የጸሎት ምንጣፍን በምራቁ ሲነካ እንደሚያስከፋቸው ማሰብ የጨዋ ሰው ሥራ ነው።

አራተኛው ዘበኛ ነው። ዘበኛ በማኖር ረገድ የምናየው ትልቅ ስሕተት አንድን ሰው ቀን ውሃ ሲያስቀዳ፥ ዕቃ ሲያሸክም፥ ልጆችን ወደ ትምህርት ቤት ሲያስወስድ ውሎ፥ ሌሊቱን ደግሞ ነቅተህ እደር ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሰው ቢተኛ ጥፋቱ የርሱ አይደለም። ደመወዙም አንሶ የዕለት ምግቡ ከጐደለ፥ የቤቱን ገመና ሁሉ የሚያውቅ የተከፋ ሰው በበር ላይ ማስቀመጥ ነው። ከዚህ ይልቅ ጐን ለጐን ያሉ አምስት ወይም ስድስት ቤቶች ገንዘባቸውን አዋጥተው፥ በፈረቃ የሚነቁ ሁለት ታማኞች ሰዎች በደኅና ደመወዝ ቢያኖሩ፥ ለእያንዳንዱ ቤት ወጪው ይቀላል፥ ጥበቃውም ይጸናል። ለዘበኛው ጥላ ያለው መቀመጫ፥ የሚጠጣው ውሃ፥ የእጅ ባትሪና ስልክ ያስፈልገዋል።

አምስተኛው የጦር መሣሪያ ነው። በዚህ ነገር ሕግን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። በኦሪት ዘጸአት ሌሊት ቤት ሲሰረስር የተገኘውን ሌባ የገደለ ሰው የደም ዕዳ እንደሌለበት፥ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ቢሆን ግን ዕዳ እንደሚሆንበት ተጽፏል። እንግዲህ ከጥንት ጀምሮ ሕግ የሚለየው ጨለማ ያስጨነቀውን ሰው ከተበቃዩ ሰው ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በ78ኛው አንቀጽ ራስን ወይም ሌላውን ስለ መከላከል ሲፈቅድ፥ አደጋው የደረሰ ወይም የማይቀር መሆኑን፥ በሌላ መንገድ ሊርቅ አለመቻሉን፥ የመከላከያውም ኀይል ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ መሆኑን ይጠይቃል፤ ከዚህ ወሰን ያለፈውን ደግሞ 79ኛው አንቀጽ ይመለከተዋል። የሸሸውን ሌባ ከኋላው መምታት መከላከል አይባልም። መሣሪያ መያዝም ቢሆን በ2012 ዓ.ም. በወጣው በ1177 ቍጥር አዋጅ መሠረት ፈቃድ ያስፈልገዋል።

በአፋር ምድር ደግሞ ሌላ የሚታሰብ ነገር አለ። በአፋሮች ባህላዊ ሕግ፥ «መዳአ» በሚሉት፥ ደም የአንድ ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ካሣውና ዕርቁ ጐሣን ከጐሣ ጋር የሚያነጋግር ነው። በጨለማ አንድ ጥይት የተኰሰ ባለ ሥልጣን አንድ ቴሌቪዥን ለማዳን ሲል ብዙ ቤተ ሰብን በሐዘን ያገባል። ያውም የመታው ሌባ እንደ ሆነ ነው፤ አምሽቶ የገባ የራሱ ልጅ፥ ወይም ውሃ ሊለምን የመጣ መንገደኛ ሊሆን ይችላልና። ከዚህም ሌላ ሌባ አጥብቆ ከሚፈልጋቸው ዕቃዎች አንዱ ራሱ ጠመንጃው ነው። ስለዚህ መሣሪያ ቤትን ከሚጠብቅበት ይልቅ ቤቱ መሣሪያውን የሚጠብቅበት ጊዜ ይበዛል።

ስድስተኛው መብራትና በዘመኑ የመጣው ካሜራ ነው። መብራት ርካሽና መልካም ዘበኛ ነው፤ መብራት ስለሚጠፋም በፀሐይ ኀይል የሚሠራው፥ ሰው ሲጠጋ ብቻ የሚበራው ይመረጣል፤ ፀሐይ በዚያ አገር አይጐድልምና። ካሜራ ግን የሆነውን ይናገራል እንጂ የሚሆነውን አይከለክልም፤ አቧራና ሙቀትም ቶሎ ያበላሹታል። ከዚህ የሚከፋው አንባቢ የማያስበው ነገር ነው። ሴቶችና ልጆች በግቢ አልጋ ዘርግተው በሚያድሩበት ከተማ፥ ከጐረቤት አጥር በላይ የሚመለከት ካሜራ ራሱ ያልተጠራ ገቢ ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በ26ኛው አንቀጽ የግል ሕይወት እንዲከበር አዝዟል፤ ሕጉ ባይኖርም እንኳ የጐረቤትን ገመና መመልከት ነውር ነው። ስለዚህ ካሜራ የሚያኖር ሰው ወደ ራሱ በርና ወደ ራሱ ደጅ ብቻ ያዙረው።

እስካሁን የቈጠርናቸው ሁሉ ጥቅማቸው አንድ ነው፤ ሌባውን ያዘገዩታል። ማዘግየት ግን የሚረዳው ሰምቶ የሚደርስ ሰው ካለ ብቻ ነው። ማንም በማይሰማበት ቤት ሌባ አንድ ሰዓት ሙሉ ብረት ቢቈርጥ ምን ይጐዳል? ስለዚህ የጥበቃ ሁሉ መሠረት ጐረቤት ነው፤ በዚህም ነገር ከአፋሮች የምንማረው አለ።

«አሪ» ወይም «ዳቦይታ» የሚባለውን የአፋሮች ቤት ሴቶቹ የተለመጠ እንጨት አቁመው በሰሌን ሸፍነው ይሠሩታል፤ ሰፈር ሲለወጥም አፍርሰው በግመል ይጭኑታል። ለዚህ ቤት ጓጉንቸር አይበጅለትም፤ በቢላዋ የሚቀደድ ሰሌን ነውና። የሚጠብቀው «ዳጉ» ነው። ሁለት ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው ስለ ዝናሙ፥ ስለ ግጦሹ፥ ስለ ጠፋው ከብት፥ ስለ መጣው እንግዳ ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ፤ በዐይን የታየውን በወሬ ከተሰማው ይለያሉ፤ በዳጉ ሐሰት መናገርም ታላቅ ነውር ነው። በእንደዚህ ያለ አገር ሳይታወቅ መጥቶ ሳይታወቅ መሄድ ለሌባ ቀላል አይደለም።

በደጋውም በቀድሞ ዘመን ሌባ ሲጠፋ ሕዝብ ተሰብስቦ የሚመረመርበት አፈርሳታ ነበረ፤ መድኀኒት የጠጣ ልጅ እየሮጠ የገባበትን ቤት ባለቤት የሚያስይዝ ሌባሻይም ነበረ። ሁለቱም የሚነሡት ዕቃው ከጠፋ በኋላ ስለ ነበረ፥ አፈርሳታ ንጹሑን ሰው ከሥራው ያስፈታ ነበር፤ ሌባሻይም ብዙ ሰው ያለ ጥፋቱ አስከፍሏል። ዳጉ የሚሻለው አስቀድሞ የሚያይ ስለ ሆነ ነው። ነገር ግን ሥርዐቱ ካልተጠበቀ እርሱም ሊበላሽ ይችላል። በሰመራም ሆነ በአዋሽ የጐረቤት ማኅበር የሚያቆሙ ሰዎች «አንድ ሰው በሦስተኛው ቤት በር ሲመላለስ አየሁ» ይበሉ እንጂ፥ «የእገሌ አገር ሰው ሌባ ነው» አይበሉ። የመጀመሪያው ጥበቃ ነው፤ ሁለተኛው ንጹሕ መንገደኛን በድንጋይ የሚያስወግር ሐሜት ነው። የተያዘም ሰው ቢኖር ለፖሊስ ይሰጥ እንጂ ማንም እጁን አያንሣበት።

እንግዲህ ደመወዙ የተወሰነ ቤተ ሰብ በምን ይጀምር? አስቀድሞ ከግራና ከቀኝ፥ ከፊትና ከኋላ ያሉትን አራት ጐረቤቶች በስማቸው ይወቅ፤ የስልክ ቍጥራቸውን ይያዝ፤ ለቡናም ይጥራቸው፤ ይህ ከቡናው በቀር ወጪ የለበትም። ቀጥሎ መቃኑንና መቀርቀሪያውን ያጽና፤ ከውስጥ ፈጥኖ መውጫ ያዘጋጅ። ሦስተኛ አንድ መብራት በደጅ ያኑር። ከዚህ የተረፈው ገንዘብ ካለ ለጋራ ዘበኛ ይዋጣ። በግቢ የሚያድር ቤተ ሰብ ገንዘቡንና ሰነዱን በአንድ ክፍል ቈልፎ አልጋውን በዚያ ክፍል በር አጠገብ ይዘርጋ። ለበዓል ወደ ደጋ የሚወጣ ሰው ጉዞውን ለአንድ የታመነ ጐረቤት ይንገር፤ በስልክ ለዓለም ሁሉ ግን አያውራ።

ሌሊት ኰሽታ የሰማች እመቤት ልጆቿን በአንድ ክፍል ሰብስባ መብራት ታብራ፥ ድምፅዋን ታሰማ፥ ለጐረቤት ትደውል፤ የሌባውን መውጫ ግን አትዝጋ፤ መውጫ ያጣ ሌባ ወንበዴ ይሆናልና። ከመንገድ ሲመለስ በሩን ተሰብሮ ያገኘም ሰው ብቻውን አይግባ፤ ምንም ሳይነካ ሰው ይጥራ። የተሰረቀ ዕቃ በገንዘብ ይተካል።

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጐረቤት» የሚለው ምሳሌ ከአገራቸው ርቀው በሰመራና በአዋሽ ለሚያገለግሉ ሰዎች በእውነት የተነገረ ይመስለናል። አዲስ ቤት የሚከራይ ሹም የግንቡን ቁመት ከመለካቱ በፊት የጐረቤቱን በር ያንኳኳ። በሚመጣው ሳምንት እግዚአብሔር ቢፈቅድ በቆላ አገር ምግብ ሳይበላሽ ስለሚቆይበት ዘዴ እንጽፋለን።